ከሳጥናችን የሚወጣ የበዓል ልብስ

(በነሐሴ ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ነሐሴ ሲገባ ሁለት ወጪ አብሮ ይገባል፦ የልጆች ደብተርና የበዓል ልብስ። የብድር ማመልከቻ የሚበዛውም በዚሁ ወር ነው። ለሽንኩርት ንግድ ወይም ለእንጀራ ምጣድ የተበደርነውን ሥራው ራሱ ይከፍልልናል። ለቀሚስ የተበደርነውን ግን ከቤት አስቤዛ ቀንሰን ነው የምንከፍለው። ለምሳሌ በ6,000 ብር የተገዛ ቀሚስ በዓመት 3 ጊዜ ብቻ ቢለበስ፣ በዚያ ዓመት አንዱ ቀን 2,000 ብር ፈጀ ማለት ነው።

ከገንዘቡም የሚብስ አለ። ለሠርግም ሆነ ለድግስ «ሁላችንም አንድ ዓይነት እንልበስ» ሲባል፣ የሌላት እህታችን «አሞኛል» ብላ ትቀራለች። ለመረዳዳት የቆመ ማኅበር አባሉን በልብስ ምክንያት ማስቀረት የለበትም።

ስለዚህ ኮሚቴያችን ለእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን አንድ ሐሳብ ያቀርባል። ዘንድሮ አዲስ አንግዛ፤ ባለን ልብስ የድሮውን አለባበስ እናምጣ።

ከእናቶቻችን ቀሚስ እንጀምር። ብዙ ጊዜ ሸማው ሳስቶ ጥለቱ ደህና ነው። በምላጭ፣ ከውስጥ በኩል፣ የስፌቱን ክር ብቻ እየቆረጥን ቀስ ብለን እንተርትረው። ቀጥሎ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርገንበት ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ እንይ። የሚለቅ ከሆነ ለነጭ አይሆንም፤ በጥቁር ጉርድ ጫፍ ላይ ያምራል። የምንሰፋበት ጨርቅ አዲስ ከሆነ አስቀድሞ ይታጠብ። አለበለዚያ በመጀመሪያው እጥበት ይገባና ጥለቱን ያጨማድደዋል።

የጠበበንን ቀሚስ ደግሞ ጎንና ጎኑን ከብብት እስከ ታች ተርትረን፣ ከተቀደደ ነጠላ ደህና ደህናውን ቆርጠን እናስገባበት። ድርቡ ሳይለያይ ቢገባ ገበር አያሻውም። ሰፊ መቀነት ስንታጠቅበት የድሮው አለባበስ ራሱ ነው።

የአገር ልብስ የሌለንስ? በ1960ዎቹ ፎቶ ቤት የተነሡትን ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አውጥተን እንይ። አጭር ጉርድና ልከኛ ሸሚዝ የለበሱ ብዙ ናቸው። ረጅሙን የሰልባጅ ጉርድ ከጉልበት ዝቅ አድርገን ብናሳጥረው፣ ከተረፈው ጨርቅ ቀበቶ ይወጣል። ሸሚዙን እስከ አንገት ቆልፈን ሹራብ ትከሻችን ላይ ጣል ማድረግ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። መቀስ ከማንሳታችን በፊት ባለቤቷን እንጠይቅ። በሕይወት የሌለች እናት ቀሚስ ከሆነም እኅት ወንድም ይማከር። ለመታሰቢያ የተቀመጠ ልብስ አይነካም።

የስፌት መኪና ያላቸው አባሎቻችን ሥራውን ይሥሩልን፤ ዋጋቸውንም እንክፈላቸው። ገንዘቡ ከእኛው ወጥቶ ለእኛው ይገባል። ደጋፊዎቻችን የምትሰጡንም በብድር ሣጥኑ ውስጥ ለሥራ ይቆያል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። እኛ ግን ይተርተር እንላለን። ተተርትሮ ይሰፋ፤ ለእንቁጣጣሽም ለጥምቀትም ይድረስ። በዝግጅታችን ቀን ማንም እንዳትቀር።