ትንሿ ቮልስዋገንና ትልቁ ላንድሮቨር
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁለቱ አሮጌ መኪናዎች የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር በመካከላችን ከተነሣ ሰንብቷል። እኛ ግን ከመፍረድ በፊት፥ እያንዳንዳቸው ለምን ሥራ እንደ ተሠሩ መጠየቅ ይገባል እንላለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቮልስዋገን ቤተሰብን በጥቂት ወጪ ለማጓጓዝ የታሰበች ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚገፋትም የኋላው ጎማ ነው። የሞተሩ ክብደት በሚነዳው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ፥ በዳገትና በጭቃ ብዙ አትንሸራተትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ስለ ሆነ ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ ውሃ ፈላብኝ ብሎ ዳር የሚቆም ነጂ የለም። ጉድለቷም የሚመነጨው ከዚያው ነው፤ ፊቷ ቀሎ ኋላዋ ስለሚከብድ፥ በጠመዝማዛ መንገድ ሲያስሮጧት ኋላዋ ሊያመልጥ ይችላል።

ላንድሮቨር በ1948 በአምስተርዳም ለሕዝብ ሲታይ የታሰበው በተለይ ለእርሻ ሥራ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት ስላነሰ፥ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። አራቱም ጎማዎች ሊነዱ ይችላሉ፤ ተጨማሪው የማርሽ ሳጥንም ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ያበዛለታል። ነገር ግን ረጅሙ ላንድሮቨር የቮልስዋገንን እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ቤንዚን ይጠጣል፤ ባሌስትራውም ወገብ ያደቅቃል።

በአዲስ አበባ፥ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፥ ሁለቱም ከጉልበታቸው አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣሉ። 34 የፈረስ ጉልበት ላላት ቮልስዋገን የሚቀራት 27 ያህል ነው። ቢሆንም ለአስፋልት መንገድና ለአራት ሰው ይህ ይበቃል።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ አስፋልቱ እስኪያልቅ ቮልስዋገን፥ ካለቀ በኋላ ላንድሮቨር። የሚያሳዝነን ግን መኪና ለሥራ ሳይሆን ለክብር ሲመረጥ ማየታችን ነው። አራት ጎማ የሚነዳ ከባድ መኪና አንድ ሰው ብቻ ይዞ ከቤት ወደ ቢሮ ሲመላለስ፥ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሕመምተኛ የሚያመጣ መኪና ያጣ ወረዳ አለ። ነዳጁም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው።

ቮልስዋገን በ2003 በሜክሲኮ፥ የላንድሮቨርም የቀድሞው ዘር በ2016 በእንግሊዝ መሠራታቸው ቀርቷል። ትምህርታቸው ግን አልቀረም። ነገ ከመካከላችን መኪና እንዲገዛ ሥልጣን የሚሰጠው ሰው ይኖራል። ያ ሰው ፊርማውን ከማኖሩ በፊት መንገዱንና ጭነቱን ይመርምር፤ ለወንበሩ ክብር ሲል ግን አይግዛ።