ከመፈረማችን በፊት፤ ስለ ሜዲካል አሲስታንት ሥልጠና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ርእስ እዚህ አሜሪካ ውስጥ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ፣ በተለይም ከእህቶቻችን በተደጋጋሚ የሚቀርብልን ጥያቄ ነው። «ሜዲካል አሲስታንት ልማር አስቤያለሁ፣ ምን ትሉኛላችሁ?» ይሉናል። ጥያቄው የፊቅህ ጥያቄ ይመስላል። በከፊልም ነው። ይበልጡ ግን የኪስና የዕድሜ ጥያቄ ነው። እኛም መልሳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ሥራው የተከበረና ሐላል ሥራ ነው። አደጋው ያለው ሥራው ላይ ሳይሆን ወደ ሥራው በሚያስገባው በር፣ ማለትም በትምህርት ቤቱ ምርጫ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ሜዲካል አሲስታንት በአብዛኛው በሐኪም ቢሮና በክሊኒክ የምትሠራ ሠራተኛ ናት። ታካሚውን ከመጠበቂያ ክፍል ጠርታ ታስገባለች፤ ክብደቱን፣ ሙቀቱንና የደም ግፊቱን ትለካለች፤ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ጠይቃ ኮምፒዩተር ላይ ትመዘግባለች። ሐኪሙ ሲያዝና የስቴቱ ሕግ ሲፈቅድ ደም ትቀዳለች፣ ክትባት ትወጋለች። ከዚያም ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ቀጠሮ ትይዛለች፣ የኢንሹራንስ ወረቀት ታስተካክላለች። ወንዶችም ይሠሩታል፤ እኛ ዘንድ የሚጠይቁት ይበልጡን እህቶች ስለሆኑ ነው በሴት አነጋገር የምንቀጥለው።

ይህች ሠራተኛ ነርስ አይደለችም። በአረጋውያን መጦሪያና በሆስፒታል ሕመምተኛ የምታጥበውና የምታበላው ናርሲንግ አሲስታንትም ሌላ ናት። ለእርሷ የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ፊዚሺያን አሲስታንት የሚባለው ደግሞ ጭራሹን የተለየ ሙያ ነው፤ በ1965 በዱክ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ዛሬ የማስተርስ ዲግሪ የሚጠይቅና መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን ያለው ነው። በስሞቹ መመሳሰል ተታልሎ «ልጄ ምክትል ዶክተር ልትሆን ነው» ብሎ አገር ቤት የደወለ አባት እናውቃለን። ደስታውን ማበላሸት ከብዶን ነበር፤ ግን መንገር ነበረብን።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ለዚህ ሥራ አገር አቀፍ የሆነ የመንግሥት ፈቃድ የለም። ስቴቶች ይለያያሉ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት የዋሽንግተን ስቴት ከ2013 ጀምሮ ሜዲካል አሲስታንቶች በስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት እንዲመዘገቡ ወይም ማረጋገጫ እንዲያወጡ ያስገድዳል። በሌሎች ብዙ ስቴቶች ሕጉ ባያስገድድም አሠሪው ራሱ ፈተና ያለፈ ሰው ይፈልጋል። ከታወቁት ፈተናዎች አንዱ የአሜሪካ ሜዲካል አሲስታንቶች ማኅበር የሚሰጠው ሲ.ኤም.ኤ የሚባለው ነው። ለዚህ ፈተና ለመቀመጥ የተለመደው መንገድ ሲ.ኤ.ኤ.ኤች.ኢ.ፒ ወይም ኤ.ቢ.ኤች.ኢ.ኤስ ከተባሉት ሁለት ተቋማት በአንዱ እውቅና ካገኘ ፕሮግራም መመረቅ ነው። ሲ.ሲ.ኤም.ኤ የሚባል ሌላ ፈተናም አለ፤ እርሱን ብዙ አሠሪዎች ይቀበሉታል። ይህን ሁሉ ፊደል የምንደረድረው አድማጭን ለማሰልቸት አይደለም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ የምትጠይቅ እህት እነዚህን ፊደሎች ካላወቀች «እውቅና አለን» የሚላትን ሁሉ ታምናለች። ትምህርት ቤቱ በጠቅላላው እውቅና ሊኖረው ይችላል፤ የሜዲካል አሲስታንቱ ፕሮግራም ግን ላይኖረው ይችላል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንዲት እህት ለዘጠኝ ወር ተምራ፣ ተመርቃ፣ ወረቀቷን ይዛ መጥታ ነበር። የእርሷንም የትምህርት ቤቱንም ስም አናነሳም። ልትቀጠር የሄደችበት ክሊኒክ ሲ.ኤም.ኤ ጠየቃት፤ ፕሮግራሟ ለዚያ ፈተና አያበቃም። ነርስ ለመሆን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሄደች፤ ከተማረቻቸው ትምህርቶች አንዱንም አልቆጠሩላትም። ብድሩ ግን ተቆጠረ። በየወሩ ከነወለዱ ይቆጠራል። ልጆቿን ለሰው ትታ የተማረች እናት ናት።

ይህ የእርሷ ብቻ ታሪክ አይደለም። ኮሪንቲያን ኮሌጆች የሚባል ለትርፍ የተቋቋመ ድርጅት ነበር፤ ኤቨረስት በሚለው ስም በብዙ ስቴቶች ትምህርት ቤቶች ከፍቶ ከሁሉ በፊት እንደ ሜዲካል አሲስታንት ያሉ አጫጭር ሥልጠናዎችን ይሸጥ ነበር። ተመራቂዎቼ ሥራ ያገኛሉ እያለ የሚያወጣው ቁጥር ሐሰት ነው ተብሎ በካሊፎርኒያ ዐቃቤ ሕግ በ2013 ተከሰሰ፤ በ2015 የቀሩትን ቅርንጫፎቹን በአንድ ጊዜ ዘጋ። በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርታቸው መንገድ ላይ ቀረ። በሰኔ 2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር በዚህ ድርጅት ትምህርት ቤቶች የተማሩ 560,000 ሰዎችን ብድር፣ በድምሩ 5.8 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ። ስረዛው የመጣው ድርጅቱ ከተዘጋ ከሰባት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። ደግሞም የተሰረዘው የፌዴራሉ ብድር እንጂ ያለፈው ዕድሜ አይደለም።

እዚህ ላይ የሪባ ነገር ይነሳል። የተማሪ ብድር ወለድ አለው። ዑለማዎች ስለ ደሩራ፣ ማለትም ስለ አስገዳጅ ሁኔታ የሚሉትን ዝርዝር ዛሬ አንገባበትም። ነገር ግን በአንድ አውቶቡስ የሚደረስበት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ባለበት ከተማ «ደሩራ ነው» የሚለው ቃል በቀላሉ ከአፍ ሊወጣ አይገባም እንላለን። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ነዋሪዎች ፔል ግራንት የሚባል፣ የማይመለስና ወለድ የሌለው የመንግሥት እርዳታ አለ፤ ለ2024–25 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። በብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ይህ ገንዘብ የዓመቱን የትምህርት ክፍያ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ይሸፍናል። በየከተማው አሜሪካን ጆብ ሴንተር የሚባሉት የሥራ ማእከላትም ከተፈቀደ ዝርዝር ውስጥ ለተመረጠ ሥልጠና የሚከፍሉበት ጊዜ አለ። አንዳንድ የጤና ማእከላት ደግሞ ደመወዝ እየከፈሉ ያሠለጥናሉ። እነዚህ በሮች ማስታወቂያ አያወጡም። ማስታወቂያ የሚያወጣው፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚደውለውና «ቦታው ሊያልቅ ነው፣ ዛሬ ፈርሚ» የሚለው ውዱ ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ ፕሮግራሙ ከሁለቱ ተቋማት የየትኛው እውቅና አለው? ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ ፈተናውን ወሰደ፣ ስንቱ አለፈ? መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የቃል መልስ ዋጋ የለውም። የክሊኒክ ልምምዱን ቦታ የሚያዘጋጀው ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ «ራስሽ ፈልጊ» ይላል? ይህ ልምምድ እውቅና ባላቸው ፕሮግራሞች ቢያንስ 160 ሰዓት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የለውም፤ ስለዚህ ለእነዚያ ሳምንታት የቤት ኪራይ ከየት እንደሚመጣ ባልና ሚስት ቀድመው ይመካከሩ። ከዚያም በአቅራቢያው ወዳለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ደውሉና ከዚያ ትምህርት ቤት የተገኘን ነጥብ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። ይህች አንዲት ስልክ ብዙ ታድናለች።

ደመወዙን በተመለከተ፣ የመንግሥቱ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ለግንቦት 2024 ያወጣው የመካከለኛ ክፍያ በዓመት 44,200 ዶላር ነው። ሥራው ከ2024 እስከ 2034 ባሉት ዓመታት በ12 ከመቶ ያድጋል ተብሎ ይገመታል፤ ይህ ከብዙ ሙያዎች የፈጠነ ነው። ሥራ ማግኘት እንግዲህ አይከብድም ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ ደመወዝ ሲያትል ወይም ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናት ኪራይ ከፍላ ምን እንደሚተርፋት ራሷ ታስላው። በዚያው ዓመት የነርስ መካከለኛ ክፍያ 93,600 ዶላር ነበር። በገንዘብ የማይለካ ጥቅም ግን አለው፤ አብዛኛው ክሊኒክ የሚሠራው በቀን፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። በመጦሪያ ቤት ሌሊት እያደረች፣ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት አድርሳ የምትተኛ እህት የዚህን ትርጉም ታውቀዋለች።

አገር ቤት ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሆናችሁ ያገለገላችሁ ወገኖች ለብቻችሁ አንድ ቃል አለን። ሜዲካል አሲስታንት ሆኖ መሥራት ለጊዜው ጉሮሮ ሊደፍን ይችላል፤ የሙያችሁ ማብቂያ አታድርጉት። የነርስነት ማስረጃ እንዲገመገም ማስገባትና ኤንክሌክስ ለሚባለው ፈተና መዘጋጀት ረጅም መንገድ ነው። ዲፕሎማው ሻንጣ ውስጥ አሥር ዓመት ሲተኛ ግን መንገዱ ይበልጥ ይረዝማል። ጀማሪዋ እህትም ነርስ መሆን ካሰበች፣ የሜዲካል አሲስታንት ትምህርት በራሱ ወደ ነርስነት የሚወጣ ደረጃ አለመሆኑን ትወቅ። አናቶሚውን፣ ኬሚስትሪውንና ማይክሮባዮሎጂውን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በጎን ትውሰድ።

ሥራው ከተገኘ በኋላ ያለው አማና ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል። በአገራችን ድሬሰር ወይም ጤና ረዳት ገጠር ክሊኒክ ውስጥ መርምሮ መድኃኒት ሲሰጥ ያየ ሕዝባችን ነጭ ወይም ሰማያዊ ልብስ የለበሰችን ሁሉ ሐኪም ያደርጋል። በሠርግ ላይ «ይህን ክኒን ላቁም ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ «ሐኪምሽን ጠይቂ» ማለት ኩራት ሊመስል ይችላል፤ ግን ሕጉም ዲኑም የሚጠይቃት ይህንኑ ነው። ምስጢርም እንዲሁ ነው። ሂፓ የሚባለው የ1996 ሕግ የታካሚን መረጃ ማውጣት ይከለክላል። ማኅበረሰባችን ጠባብ ነው፤ ማን ክሊኒክ እንደመጣ ቡና ላይ የተነገረ አንድ ቃል ትዳር ሊያፈርስ ይችላል። ያን ቃል የሚጠይቅ ሕግ ባይኖር እንኳ ሐሜት መሆኑ አይቀርም።

ደግሞም ሌላው ሠራተኛ የማይችለውን እናንተ ትችላላችሁ። አንዲት እናት «የወፍ በሽታ ነበረብኝ» ስትል ዓይኗ ቢጫ ሆኖ እንደነበረ፣ ነገሩም ጉበትን እንደሚመለከት ታውቃላችሁ። «ጨጓራዬን» የሚል ሰው ሁሉ ጨጓራውን እንዳልታመመ ታውቃላችሁ። የስኳር ሕመምተኛ በረመዷን መድኃኒቱን ለሐኪሙ ሳይናገር ሰዓት እንደሚቀይር ታውቃላችሁና ሳይነግራችሁ ትጠይቁታላችሁ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም ቋንቋ መቻልና አስተርጓሚ መሆን አንድ አይደሉም። በክሊኒካችሁ አስተርጉሙ ስትባሉ የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ 40 ሰዓት ያህል ነው። ካንሰር የሚለውን ቃል «እብጠት» ብሎ ማለስለስ ርኅራኄ ይመስላል፤ በሽተኛዋ ግን ሳታውቅ ትፈርማለች።

ሒጃብን በሚመለከት ብዙ እህቶች ይፈራሉ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪ በሃይማኖት ምክንያት ሠራተኛ እንዳይከለክል ያዛል፤ በ2015ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሒጃብ በመልበሷ ሥራ ለተነፈገች ወጣት ጥያቄ በስምንት ለአንድ ድምፅ ወስኗል። ወንድ ታካሚን ስለ መንካት ለሚጠይቁንም፣ ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ድንኳን ተክላ ቁስለኞችን ታክም እንደነበር፣ በኸንደቅ ጦርነት የቆሰሉት ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝም (ረ.ዐ) ወደ እርሷ ድንኳን እንደተወሰዱ በሲራ የታወቀ ነው እንላቸዋለን።

የትምህርት ቤት ውል ይዛችሁ ማንበብ የከበዳችሁ ካላችሁ ዘወትር እሑድ ከዙህር በኋላ መስጂድ ይዛችሁ ኑ፤ ይህን ነገር የሚያውቁ ወንድሞችና እህቶች አብረዋችሁ ያነቡታል። ሳትፈርሙ ይዛችሁት ኑ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ኢንሻአላህ የነርስነት ማስረጃ ግምገማን ደረጃ በደረጃ እናያለን። እስከዚያው ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።