የእጅ ባትሪ ፍተሻ



በእጅ ባትሪ ካርቶን ላይ «200 ሜትር፣ 10 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ቁጥሩ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም፤ ትርጓሜው ግን ሊመረመር ይገባል። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ በወጣው ኤፍ ኤል 1 በተባለው የመለኪያ ደረጃ መሠረት፣ 200 ሜትር ማለት ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ፣ ማለትም ወደ ሙሉ ጨረቃ ብርሃን ግድም፣ የሚወርድበት ርቀት ነው። በ100 ሜትር ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል። ሰዓቱም የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው።

ዓይን ቀስ በቀስ የሚደክመውን ብርሃን ስለሚለምድ ዳኝነቱ አያስተማምንም። ስለዚህ በጨለማ ክፍል ባትሪውንና የሉክስ መለኪያውን ሳናንቀሳቅስ በየ10 ደቂቃው እንመዝግብ። ሌሊት ምሰሶ ላይ የሚወጣ የመስመር ሠራተኛ ማወቅ ያለበት ባትሪው መቼ እንደሚጠፋ ሳይሆን ብርሃኑ ለሥራው የሚበቃው እስከ መቼ እንደሆነ ነው።