ከእርዳታ የሚቀድም ጥያቄ
(በደብራችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የበዓሉ አዘጋጆች አካል ጉዳት ያለባቸው ምእመናን በደብራችን ስላላቸው ኑሮ እንድናገር ጋብዘውኛል። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ከውስጡ አንዱን ብቻ መርጫለሁ፤ እርሱም እርዳታን ስለ መቀበልና ስለ አለመቀበል ነው።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት፣ ገና ሕፃን ሳለሁ የልጅነት ልምሻ ሁለቱንም እግሮቼን ጎድቷቸዋል። ለብዙ ዘመን በክራንች ስሄድ ኖሬ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር እንቀሳቀሳለሁ። «ድሮ ትራመድ አልነበረም ወይ?» የሚል ጥያቄ በብዙዎች ዘንድ እንዳለ አውቃለሁ። ነገሩ በሕክምና የታወቀ ነው። የልምሻው ቫይረስ ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች ሲገድል፣ የተረፉት ነርቮች የሞቱትን ሥራ ደርበው ይይዛሉ፤ ከ15 እስከ 40 ዓመት ካለፈ በኋላ ግን በብዙዎቻችን ላይ እነዚያ ብርቱ ሠራተኞች ራሳቸው ይደክማሉ። ስለዚህ ኀይሌን እንደ ደመወዝ እየቆጠርሁ ነው የማወጣው። ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት የማልሻውን እርዳታ ከቀትር በኋላ ልሻው እችላለሁ። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ አንድ ሰው ዛሬ «እሺ»፣ ነገ ደግሞ «ይቅርብኝ» ሲል ብትሰሙ በጠባዩ እንዳትፈርዱበት ነው።

እኛ የተቸገረን አይቶ ማለፍ ነውር ነው ተብለን ያደግን ሕዝብ ነን፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ረጂው የሚያገኘውን በረከት ሲያስብ፣ ተረጂው ምን እንደሚሻ መጠየቅን ይዘነጋል። በአገር ቤት በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ምጽዋት የሚጠይቁ አካል ጉዳተኞች ብዙዎች ስለሆኑ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ልታስቀድስ የመጣች ክራንች የያዘች ሴትም ሳትለምን ሳንቲም በእጇ ይደረግላታል። በእኔም ከአንድ ጊዜ በላይ ደርሷል። ብመልስ የሰጪዋን በረከት እንደ ነጠቅሁ ይቈጠራል፤ ብይዘው ደግሞ ያልሆንሁትን መሆኔ ነው። በመጨረሻ ዐይናቸው እያየ ወደ ሙዳየ ምጽዋቱ መጨመር ጀመርሁ፤ ለሁላችንም ተስማማን።

በዚህ አገር ሳንቲም የሚሰጠኝ የለም፤ በሳንቲሙ ፋንታ የሚመጣው እጅ ነው። እጁ የሚመጣው በፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። ሆኖም ጣቶቼ በጎማው ላይ እንዳሉ ወንበሬ ሳላውቅ ከኋላ ቢገፋ፣ ጣቶቼ በሽቦዎቹ መካከል ሊገቡ ይችላሉ። ክራንች የያዘን ሰው ድንገት ክንዱን መያዝ የቆመበትን እግር መያዝ ማለት ነው፤ ለመደገፍ የተዘረጋው እጅ ይጥለዋል። ዐይነ ስውር የሆነውን ወንድማችንንም እየጎተትን ከመምራት፣ እርሱ ክርናችንን ይዞ ግማሽ እርምጃ ከኋላችን እንዲከተል መፍቀድ ይሻላል፤ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ በክርናችን እንቅስቃሴ ያውቀዋልና።

የወንጌሉ ነገር እጅግ የሚያስደንቀኝ በዚህ ላይ ነው። በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይጮኽ የነበረው በርጤሜዎስ ዐይነ ስውር መሆኑን ሁሉም ያየ ነበር፤ ጌታችን ግን አስጠርቶ ምን እንዲያደርግለት እንደሚሻ ጠየቀው። በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት የምናስበው መጻጉዕ 38 ዓመት በአልጋ ላይ ኖሮ ሳለ፣ እርሱም አስቀድሞ መዳን ይወድ እንደሆነ ተጠየቀ። ልብን የሚመረምር አምላክ መልሱን ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። ሰውዬው በገዛ አፉ እንዲናገር ፈቀደለት፤ እርሱም ብቸኝነቱን ተናገረ። እኛ ግን የማናውቀውን እንደምናውቅ አድርገን ለመጠየቅ እንቸኩላለን ማለት አልችልም፤ ለመግፋት ነው የምንቸኩለው። አንዳንዴ ደግሞ ጥያቄው ይመጣና አጠገቤ ለቆመችው እህቴ ይቀርባል፤ «ውኃ ትጠጣለች?» ተብሎ።

ሌላም ችግር አለብን፤ እርሱም ከመልካሙ ባህላችን የመጣ ነው። በገበታችን ላይ «በቃኝ» ያለ ሰው በእውነት እንደ በቃው አይታመንም፤ «በሞቴ» ይባላል፣ ጉርሻው ይከተላል፣ ሁለተኛውም ይመጣል። ለእንጀራ ይህ ማለፊያ ነው። ለሰው አካል ግን «በሞቴ» አይሆንም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ራሴ እችላለሁ» ያልሁት ሰው ቅር ሳይለው ቢተወኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ፍርሃት ልጠራው እችላለሁ። እምቢታዬን የማይቀበል ሰው ዘንድ ግን እሺታዬም የእኔ አይደለም።

ይህ በዚህችው ደብር የታየ ነገር ነው። መወጣጫው ከመሠራቱ በፊት አራት ወንድሞች ከነወንበሬ ተሸክመው በፊት ለፊቱ ደረጃ ያስገቡኝ ነበር። የቅዱስ ማርቆስን ወንጌል ያነበበ ሁሉ ሽባውን ተሸክመው ጣሪያ ያፈረሱትን አራቱን ማሰቡ አይቀርም፤ ወንድሞቼም ያን በረከት አስበው ነበር። ነገር ግን ከአራቱ አንዱ ቢዘገይ ኪዳን ያመልጠኛል። ደግሞስ አንዲት ሴት በየሰንበቱ በሕዝብ ፊት ነጠላዋን በአንድ እጇ እየሰበሰበች በወንዶች ትከሻ ላይ ስትወጣ ምን እንደሚሰማት ወንዶቹ ሊያውቁ አይችሉም። ጕልበት ሳላጣ፣ መሸከምን ስላልቻልሁ ብቻ ከቤቴ የቀረሁባቸው ሰንበቶች ነበሩ። በመጨረሻም «ከእንግዲህ አትሸከሙኝ» አልኋቸው። እነርሱም አዘኑ፤ «ትዕቢት ነው» ያለም ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ግን ጥቂት ዝም ብሎ «ታዲያ ምን ቢደረግ ይሻልሻል?» አለኝ።

ዛሬ በጎን በኩል የምታዩት መወጣጫ ከዚያ ጥያቄ የተገኘ ነው። ለአንድ ኢንች ከፍታ 12 ኢንች ርዝመት ያስፈልጋል፤ 30 ኢንች ከፍ ላለ በር 30 ጫማ ማለት ነው። ታጥፎ የተሠራውም ስለዚህ ነው እንጂ አናጢው ስለ ተሳሳተ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሱቁንና ሆቴሉን ሲያስገድድ የሃይማኖት ተቋማትን ከዚያ ግዴታ ነጻ አድርጓል። ማንም ሳያስገድደው ደብሩ ሠራው። አሁን የሕፃናት ጋሪ የሚገፉ እናቶችና ጉልበታቸው የደከመ አባቶች ከእኔ ይልቅ ይጠቀሙበታል፤ ማንንም መለመን አላስፈለጋቸውም።

እስከ አሁን ለረጂዎች ተናገርሁ፤ አሁን ደግሞ ለእኔ ቢጤዎች፣ ይልቁንም በቅርቡ ለታመማችሁና እርጅና ለጀመራችሁ አባቶችና እናቶች አንድ ቃል አለኝ። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድታችሁ፣ ሌሊት ሠርታችሁ፣ ልጅ አስተምራችሁ፣ አገር ቤት ያለውን ዘመድ የረዳችሁ ናችሁ። ዛሬ ግን ከዘራ መያዝ ያሳፍራችኋል፤ መኪና የሚያደርሳችሁ ሰው ሲጠይቃችሁ «ሸክም አልሁን» ብላችሁ ከቤት ትቀራላችሁ። በጸሎተ ሐሙስ ቅዱስ ጴጥሮስ እግሩ እንዳይታጠብ የከለከለው በትሕትና ነበር፤ ያም ሆኖ ጌታችን አልተቀበለለትም። ሙሴም በተራራው ላይ እጆቹ ሲዝሉ ድንጋይ አመጡለት፣ ተቀመጠበትም፤ አሮንና ሖር እጆቹን በግራና በቀኝ ደገፉ እንጂ ልመናውን አልወሰዱበትም። እዚህ መቅደስ ውስጥ ሊቃውንቱ ሌሊቱን ሁሉ በመቋሚያ ተደግፈው ሲያመሰግኑ ደካማ ናቸው ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ዲያቆኑ የተቀመጡት እንዲነሡ ሲያዝዝ፣ እኔም እጄን ከወንበሬ መደገፊያ አንሥቼ ወገቤን አቀናለሁ፤ መቆሜ ያ ነው።

ከዚህ በኋላ ለማዕድ ወደ ታችኛው አዳራሽ እንወርዳለን። እኔ በጎን በር ዞሬ እመጣለሁ፤ የብረቱ በር ስለሚከብደኝ የሚከፍትልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሳህኔን ግን በጭኔ ላይ አድርጌ ራሴ እወስዳለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።