ዓሦቹ ካለቁ በኋላ

(ከአባሎቻችን አንዷ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ያደረገችው ንግግር ነው። ለጋዜጣችን እንዲስማማ አሳጥራ ያዘጋጀችው ራሷ ናት።)



ስለ ሥራዬ እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ዘንድሮ የተማርኩት ቁም ነገር ሁሉ የመጣው ከአንድ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። ኋላ ግን ሳስበው፣ ብድሬን ያራዘማችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ትዕግሥታችሁ ምን እንደሠራ መስማት ይገባችኋል ብዬ መጣሁ።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት፣ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ በሐኪም ቤቶችና በቢሮዎች እንግዳ መቀበያ ያሉ የዓሣ ገንዳዎችን እንከባከባለሁ። ሥራውን ያገኘሁት በጽዳት ሠራተኛነት በገባሁበት የጥርስ ሕክምና ቤት ነው። ገንዳውን ይንከባከብ የነበረው ሰው ሲለቅ፣ ሲሠራ እያየሁ የተማርኩትን ይዤ ጀመርኩ። ዛሬ አራት ደንበኞች አሉኝ። ከብድር ሣጥናችን የወሰድኩት 1,200 ዶላር የውኃ ማጣሪያውን፣ የጨው መለኪያውንና ሌላውን ዕቃ የገዛሁበት ነው። አምና ቡና ላይ አንዲት እናታችን «ዓሣ ይበላል እንጂ ቁጭ ተብሎ ይታያል እንዴ?» ብለው አስቀውን ነበር። ይታያል፣ እማዬ። ጥርሱን ሊነቀል የመጣ ልጅ ለቅሶውን የሚረሳው እሱን ሲያይ ነው።

ነገሩ የተፈጠረው በዚያው ጥርስ ሕክምና ቤት ነው። ገንዳው 90 ጋሎን፣ ማለትም 340 ሊትር ያህል ይይዛል። ውኃው እንደ ባሕር ጨዋማ ነው፤ ውስጡ ሕያው ኮራሎች፣ ቀንድ አውጣዎችና ሽሪምፖች አሉ። ሰባት ዓሦችም ነበሩ። ፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ ባለቤትየዋ «ለበዓሉ ልጆቹን የሚያስደስት አንድ ሰማያዊ ዓሣ ጨምሪልኝ» አሉኝ። ከመደብር ፓውደር ብሉ ታንግ የሚባለውን ገዛሁና በዚያው ቀን ገንዳው ውስጥ ለቀቅሁት። አዲስ ዓሣ ለብቻው ሳይቆይ ከነባሮቹ ጋር እንደማይቀላቀል አውቅ ነበር። ይህ ዓይነቱ ዓሣ በሽታ ቶሎ እንደሚይዘውም አውቅ ነበር። ግን በዓል ደረሰ፣ ደንበኛዬን ማስከፋት አልፈለግሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ ስመለስ የዓሦቹ ገላ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ነጭ ነጠብጣብ ወርሶታል። ድንጋይ ላይ ይታከካሉ፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ጃንዋሪ ሳይገባ ከስምንቱ ስድስቱ ሞቱ። የቀሩት ሁለት ክላውንፊሾች ብቻ ነበሩ፤ ልጆቹ በ2003 በወጣው ፊልም ኒሞ እያሉ የሚጠሯቸው ብርቱካንማዎቹ ማለት ነው።

ለባለቤትየዋ እውነቱን ነገርኳቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የዓሦቹን ዋጋ እኔ እችላለሁ። ግን ለሁለት ወር ተኩል ያህል ገንዳው ውስጥ አንድም ዓሣ አይገባም» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «ባዶ ገንዳ ልጠብቅ ነው የምከፍልሽ?» አሉ። በመጨረሻ የተስማማነው ያን ጊዜ ግማሽ ክፍያ እንዲከፍሉኝ ነው፤ ኮንትራቱም ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚታደስ ሆነ።

አሁን ለምን ሁለት ወር ተኩል እንዳልኩ ላስረዳችሁ። በሽታውን የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ዓሣው ቆዳና ስንጥብ ላይ ተጣብቆ ከ3 እስከ 7 ቀን ይመገባል። ከዚያ ይወድቅና ድንጋዩ ወይም አሸዋው ላይ ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል። እዚያው ይባዛል፤ ጊዜው ሲደርስ ሽፋኑ ተቀዶ ብዙ ልጆች ይበተናሉ። እነዚህ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። ችግሩ ግን የተደበቀው አንዳንዱ በሳምንት፣ አንዳንዱ በወር፣ አንዳንዱ ደግሞ ከ70 ቀን በኋላ መፈልፈሉ ነው። ለዚህ ነው ባለሙያዎች 76 ቀን ገንዳው ያለ ዓሣ ይቆይ የሚሉት። ሽሪምፕና ኮራል ለተውሳኩ ምግብ ስለማይሆኑ እዚያው ሊቆዩ ይችላሉ።

«መድኃኒት የለውም ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። የታወቀው መድኃኒት መዳብ ነው፤ ነገር ግን ሽሪምፑን፣ ቀንድ አውጣውንና ኮራሉን ይገድላል። ስለዚህ ኮራል ያለበት ገንዳ ውስጥ አይጨመርም። ሁለቱን የተረፉ ዓሦች አውጥቼ ቤቴ ባለች ትንሽ ገንዳ፣ የመዳቡን መጠን በየቀኑ እየለካሁ፣ አንድ ወር አከምኳቸው። ትልቁ ገንዳ ውስጥ ደግሞ ቆሻሻውን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ፣ ለሽሪምፖቹም እንዲሆን በየጊዜው ቁንጥር ምግብ እጨምር ነበር።

በልጅነቴ ፈንግል ገብቶ የእናቴን ዶሮዎች ጨርሶባት ነበር። ጎረቤቶቿ «ቅዳሜ ገበያ ውጪና ግዢ» ቢሏትም እምቢ አለች። ቆጡን አጥባ፣ ቤቱን ለረጅም ጊዜ ባዶውን አሳደረችው። ያን ጊዜ እንቁላል ስለቀረብን ተቆጥቼ ነበር። አሁን ባዶ ገንዳ ፊት ቆሜ ውኃ ስለካ ነው የገባኝ። መጠበቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍል ሰው ከሌለ ደግሞ ድሃ መጠበቅ አይችልም። በግማሽ ክፍያ ብድሬን እከፍል ቢሆን ኖሮ በ30ኛው ቀን ዓሣ ገዝቼ እገባ ነበር፤ ተውሳኩም እየጠበቀ ይቆየኝ ነበር። ኮሚቴው የሦስት ወር ክፍያዬን ሲያራዝምልኝ የሰጠኝ ያንን 76 ቀን ነው።

ቀጥሎ ምርጫው መጣ። መደብር ሲገባ ሁሉም ያምራል። እኔ ግን አምስት ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የገባሁት፤ ለሌላም የሚጠቅም ስለመሰለኝ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ቤቱን አይበላም ወይ? ባተርፍላይፊሽ የሚባሉት እጅግ ያምራሉ፤ ብዙዎቹ ግን ኮራል ይበላሉ። ላየንፊሽ ደግሞ አፉ ውስጥ የሚገባለትን ትንሽ ዓሣና ሽሪምፕ ሁሉ ይውጣል።

ሁለተኛ፣ ሲያድግ ስንት ያህል ይሆናል? ልጆቹ ዶሪ የሚሉት ሰማያዊ ታንግ በመደብር አውራ ጣት ያህላል፤ ሲያድግ ግን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ መሮጫም ይፈልጋል። የእኛ ገንዳ ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ምን ይበላል? ማንዳሪን የሚባለው ቀለመ ብዙ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ድንጋይ ላይ ያሉ ደቃቅ ሕያዋን ነው። እነሱ በብዛት ካልተገኙ ቀስ በቀስ ይከሳል።

አራተኛ፣ ከማን ጋር ይጣላል? ዓሣ አብዝቶ የሚጣላው የሚመስለውን ነው፤ በቅርጽ፣ በቀለም፣ ወይም በመደበቂያ የሚጋራውን። ዳምሰልፊሽ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ግን ብዙዎቹ ካደጉ በኋላ ሌላውን አያስቀምጡም።

አምስተኛ፣ የሚኖረው የት ነው? አሸዋው ላይ፣ ድንጋዩ ውስጥ ወይስ መሐል ውኃው ላይ? ሁሉም አንድ ቦታ ከፈለጉ ገንዳው ሰፊ ቢሆንም ይጠብባቸዋል።

በዚህ መሠረት የመረጥኳቸው እነዚህ ናቸው። ለመሐል ውኃው አንድ ፋየርፊሽ፤ ዓይን አፋር ነው፣ ሲደነግጥ ዘልሎ ይወጣልና ገንዳው የመረብ ክዳን ተደረገለት። ጥንድ ባንጋይ ካርዲናል፤ እነዚህ የትውልድ ስፍራቸው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሉ ጥቂት ደሴቶች ሲሆን እዚያ ቁጥራቸው ስለተመናመነ ከባሕር የተያዙትን ትቼ በሰው እጅ የተራቡትን ገዛሁ። ለድንጋዩ ዋሻ ግማሹ ሐምራዊ ግማሹ ቢጫ የሆነ ሮያል ግራማ። ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አልጌ እንዲግጥ ትንሿ ቴይልስፖት ብሌኒ። ለአሸዋው ደግሞ ቢጫ ዎችማን ጎቢ። ከሁለቱ ነባሮች ጋር ስምንት ይሆናሉ። ባለቤትየዋ «ቦታ ይተርፋል እኮ» ብለውኝ ነበር። የሚተርፈው ቦታ ለሰላማቸው ነው አልኳቸው።

አዲሶቹን የገዛኋቸው ገንዳው ባዶ በነበረበት ጊዜ ነው። ከነባሮቹ ርቆ በተቀመጠ ሌላ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ቢያንስ አራት አራት ሳምንት አቆየኋቸው፤ ስለዚህ ሁለቱ ጥበቃ በአንድ ጊዜ ሄደ። ከመደብር የመጣውን ውኃም ወደ ገንዳ አልጨመርኩም። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የየራሱ ባልዲና መረብ አለኝ፤ ከሥራ በኋላም በደንብ ይደርቃሉ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በሽታ ይዤ የምዞር እኔ ራሴ እንዳልሆን ነው። አዲስ ኮራልና ቀንድ አውጣም ቢሆን ድንጋዩና ቅርፊቱ ላይ የተደበቀ ተውሳክ ሊያመጣ ስለሚችል ለብቻው ይቆያል።

የማስገቢያ ተራውም ቁም ነገር አለው። መጀመሪያ የገባው ዓይን አፋሩ ፋየርፊሽ ነው፤ ከእሱ ጋር ጎቢው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ካርዲናሎቹ፤ ቀጥሎ ብሌኒዋና ግራማው። ነባሮቹ ክላውንፊሾች የተመለሱት በመጨረሻ ነው። «ምነው፣ ቤቱ የእነሱ አይደል?» ብላ ልጄ ጠይቃኝ ነበር። ቀድመው ቢመለሱ ገንዳው ሁሉ የእኛ ነው ብለው የሚመጣውን ሁሉ ያባርሩ ነበር። አሁን ግን ሌሎቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ስላገኟቸው፣ አንዲት ጥግ መርጠው ተቀመጡ። በየመሐሉ የሁለት ሦስት ሳምንት ዕረፍት ሰጥቼ፣ አሞንያው ዜሮ መሆኑን እየለካሁ ነው የሚቀጥለውን ያስገባሁት።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ልጨርስ። ገንዳው ውስጥ ፒስቶል ሽሪምፕ የሚባል አለ። ዓይኑ በጣም ደካማ ነው፤ ሥራው ጉድጓድ መቆፈር ነው። ጎቢ የተባለው ዓሣ ደግሞ መቆፈር አይችልም፣ ዓይኑ ግን ንቁ ነው። አብረው አንድ ጉድጓድ ይኖራሉ። ሽሪምፑ አሸዋ እየጠረገ ሲወጣ ረጅም አንቴናውን ዓሣው ላይ ያሳርፋል፤ አደጋ ሲመጣ ዓሣው ጭራውን ያወዛውዛል፣ ሁለቱም ይገባሉ። የድሮው ጎቢ በበሽታው ሲሞት ሽሪምፑ ብቻውን ቀረ። በዚያ 76 ቀን ውስጥ ከጉድጓዱ ብዙም አይወጣም ነበር።

አዲሱ ጎቢ ከገባ በአራተኛው ቀን ውኃ ልለውጥ ሄድኩ። ጎቢው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋድሞ አየሁት። ትንሽ ቆይቶ ሽሪምፑ አሸዋ እየገፋ ወጣ፤ አንቴናውም ዓሣው ጀርባ ላይ ነበር። ባልዲዬን አስቀምጬ ቆሜ ቀረሁ። ባለቤትየዋም መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ስለ ኮንትራቱ ምንም አላሉም፤ «ልጆቹ እንዲያዩት ወንበሩን ወደዚህ እናቅርበው» አሉ።

ኮንትራቱ ዛሬም በየወሩ ነው የሚታደሰው። ያቋረጥኩትን ብድር ካለፈው ወር ጀምሬ መክፈል ቀጥያለሁ፤ ሦስት ክፍያ ይቀረኛል። ሣጥኑ ውስጥ ገንዘብ ለምታስቀምጡ አባላትም፣ ከሩቅ ሆናችሁ ለምትረዱን ደጋፊዎቻችንም አንድ ልመና አለኝ። ለአንዲት ሴት ስታበድሩ ለሥራ መጀመሪያው ብቻ አታስቡ፤ ስትሳሳት ለምትጠብቅበትም ጊዜ አስቡላት። የእኔን ሥራ ያዳነው ያ ነው።