መጀመሪያ ወደ ማጀት ግቡ

የዛሬ ተመራቂዎች፣ ማዕረግ ስጠራ ፀሐይ ላይ አላቆያችሁም፤ ጋዋኑ እንደሚሞቅ አውቃለሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ዘመናዊ ግብርና እንድናገር ነበር። እናገራለሁ፤ ግን እኔ የማውቀው ግብርና የሚጀምረው ራያ ቆቦ ካለች አንዲት ማጀት ነው። የማጀቷ ባለቤት አያቴ ናት፤ እምዬ እንላት ነበር። ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ፊደል አልቆጠረችም፤ በእርሻ ነገር ግን ከእሷ የሚበልጥ መምህር አልገጠመኝም። እዚህ የተቀመጡት መምህራን ይቅር ይበሉኝ።

እምዬ ሞፈር ጨብጣ አታውቅም፤ በአገራችን ወግ በሬ ጠምዶ ማረስ የወንድ ነው። የቀረውን ግን ቁጠሩት። አረሙ፣ ወፍ ጥበቃው፣ ማበጠሩ፣ ወፍጮው፣ ውኃው፣ ኩበቱ፣ ለደቦ የሚጠመቀው ጠላ የእሷ ነው። ማታ ባሏ፣ አባባ የምንላቸው፣ ደከመኝ ብለው እግራቸውን ሲዘረጉ ለብ ያለ ውኃ አቅርባ የምታጥባቸውም እሷ ናት። የእሷን እግር ያጠበ ሰው ላስታውስ ብል አልመጣልህ አለኝ።

አንድ ሥራ ግን ለማንም አትሰጥም ነበር፤ ዘር መምረጥ። ኅዳር ላይ፣ ማሽላው ሳይቆረጥ፣ ብቻዋን ማሳው ውስጥ ትገባለች። ዳር ያለውን አትነካም። «እሱ ሰፊ ቦታ አግኝቶ ነው የወፈረው» ትላለች። መሃል ድረስ ዘልቃ፣ ከጎረቤቱ ጋር እየተሻማ ያማረውን፣ አቀንጭራ የሚባለው አረም ከቦት እንኳ ፍሬው የሞላውን ዛላ ትመርጣለች። እናንተ ይህንኑ ክፍል ውስጥ «የዳር ተፅዕኖ» ብላችሁ ተፈትናችሁበታል። የመረጠችውን አስራ ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች፤ ጭስ የጠገበን ዘር ነቀዝ አይደፍረውም። ደጋሊት የሚባለው፣ ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላ ለብቻ፣ ፈጥኖ የሚደርሰው ለብቻ ነው። ዝናቡ በጊዜ ከጣለ ደጋሊቱ ይዘራል፤ ካልጣለ ወይም ቡቃያው ከደረቀ ሁለተኛው ይወርዳል።

የ77ቱን ክፉ ቀን ያያችሁ ወላጆች እዚህ አላችሁ። የ76 ክረምት ዝናቡ ቀረ፤ ጥቅምት ላይ የኮረም ሜዳ በሰው ተሞላ። እኛም ቤት ጎተራው ተጠረገ፤ በሬዎቹ ተራ በተራ ቆቦ ገበያ ወርደው በማይረባ ዋጋ ሄዱ። የቀረው ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው ዘር ብቻ ነበር። ልጆች ነን፤ በጀርባችን ተኝተን ሽቅብ እናየዋለን። አንድ ማታ አባባ «አውርጂው» አሉ። እምዬ ዝም አለች።

«ልጆቹ ካለቁ ለማን ልትዘሪው ነው?»

«ይንጋ» አለች።

ሲነጋ ጣሪያው ባዶ ነው። ሌሊቱን አውርዳ፣ ፈልፍላ፣ ከአመድ ጋር ለውሳ፣ ቅል ሞልታ ቀብራዋለች። የት እንደሆነ አልተናገረችም። አባባ ተቆጡ፣ ለመኑ፣ በመጨረሻ አለቀሱ። ያን ጊዜ የአንገቷን የብር መስቀል ፈትታ ሰጠቻቸው፤ «ይህን ይሽጡና ያብሏቸው።» በመስቀሉ ጥቂት ቀን በላን። ከዚያ ወደ ኮረም ወጥተን የእርዳታ ስንዴ በጣሳ እየተሰፈረልን ከረምን። ታናሽ እህቴ ከዚያ አልተመለሰችም።

አባባ ያነሱት ጥያቄ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ለመመለስ አልደፍርም። በማግሥቱ ዓመት ዝናቡ ሲጥል ግን በሰፈራችን ዘር ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። እምዬ መደቡን ቆፍራ ቅሉን አወጣች። ግማሹን ለራሷ አስቀርታ ሌላውን ለጎረቤት በእፍኝ አደለች፤ ዋጋው «ከምርጡ ዛላ መልሱልኝ» ነው። በሬ ስለሌለ መሬቱ በዶማ ተቆፈረ። ማን ወሰደ፣ ማን መለሰ፣ ማን አጓተተ፣ ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ተመዝግቧል። በሠርግ ላይ ሳይቀር ታስታውሳቸው ነበር!

ከዓመታት በኋላ አንድ የልማት ሠራተኛ ደጃችን ቆሞ «ቤቶች! ሰው የለም?» አለ። እምዬ ብቅ አለች። «አባወራው የሉም?» «ገበያ ወርደዋል።» «እንግዲያው ሌላ ቀን እመለሳለሁ።» የመጣው ስለ ማሽላ ዘር ሊጠይቅ ነው! ያለ ቡና አይሄድም ብላ አፈላችለት። እስከ በረካ ጠጣ፣ መርቆ ተነሣ፣ አንድ ቃል ሳይጠይቃት ሄደ።

ይህን የምለው ለአያቴ አድልቼ ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1973 ሲንግና አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከየአገሩ የተሰበሰበ ማሽላ ሲመረምሩ፣ ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር የበዛባቸው ሁለት ዓይነቶች አገኙ። ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ነበሩ። የወሎ ሰው ወተት በጉንጬ፣ ማር ጩቄ እያለ የሚጠራቸውን ማሽላዎች እሸታቸውን ጠብሶ መብላት ያወቀበት ላቦራቶሪው ሳይደርስ ነው። በዚያው ዓመት አክስቴል ማሽላ ሊሰበስብ አገራችን ሲመጣ አብሮት የዞረ አንድ ወጣት የዓለማያ ኮሌጅ ምሩቅ ነበር፤ የዛሬው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ። ፐርዱ ሄደው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እንደ ፈረንጆቹ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ከሥራቸው የተገኙት ጎቢዬና አብሽር የተባሉ ዝርያዎችም ወደ እኛ አገር ተመልሰው ተዘሩ። ስለዚህ የተሻሻለ ዘር ጠላት አይደለሁም፤ እንጀራዬን የበላሁበት ነው። የምለው፣ ተመራማሪው ከማሳ የሰበሰበውን ማሽላ ከዓመት ዓመት ያሻገረች ሴት አለች፤ ወረቀቱ ላይ ግን ስሟ የለም።

አንድ ወረቀት ላይ ግን ገብታለች። የአማራ ክልል በእኛ አቆጣጠር በ1995 የመሬት ይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀምር የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፍበት ነበር። እምዬ ለፎቶው ነጠላዋን ደጋግማ አስተካክላ፣ ካሜራውን እንደ ባለዕዳ አፍጥጣ ተነሣች። ደብተሩን በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቅልላ አስቀመጠች። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚከፈተው የእሷ ፎቶ ያለበት ገጽ ነበር፤ አባባ «እኔም እኮ አለሁበት» ይላሉ።

እናንተ ኋላ ያላችሁ፣ ስልኩን ለአፍታ አስቀምጡልኝ። ነገ ቀበሌ ስትመደቡ ይህን አድርጉ። በር አንኳኩታችሁ አባወራውን አትጠይቁ፤ መጀመሪያ ወደ ማጀት ግቡ። የተሰቀለውን እዩ፤ ይህን ማን መረጠው፣ ለምን መረጠው፣ በየትኛው ክፉ ዓመት ተረፈ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከነስሟ ጻፉ። ዘሩ ብርቅ ከሆነ ፈቅዳላችሁ እፍኝ ናሙና ለብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አድርሱ። ዶክተር መላኩ ወረደ እንደ ፈረንጆቹ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት የአገራችንን ዘር በመጠበቃቸው ነው፤ ሥራው ገና አላለቀም። ስብሰባ ስትጠሩም ሴቶች ውኃ በሚቀዱበት ሰዓት አትጥሩ፤ ጠርታችሁም «ሴቶች አይሳተፉም» ብላችሁ ሪፖርት አትጻፉ። እንዲህ ያለ ሪፖርት ብዙ አንብቤያለሁ፤ ያናድደኛል።

ወላጆች ሰዓት እያያችሁ ነው፤ ላብቃ። ዛሬ ቤት ስትገቡ እናቶቻችሁ ስትመረቁ እንዳትራቡ ሌሊቱን ሲሠሩት ያደሩት ድግስ ይጠብቃችኋል። ብሉ፣ ጠጡ፣ ፎቶ ተነሡ። ሲያበቃ ግን እናት ትቀመጥ፤ ሰሃኑን የሚያጥበው ባለዲግሪው ይሁን። ማዕረግ ተመራቂዎች ድስቱንም ጨምሩበት።