ስለ ደፋሩ ዓሣ



በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ ጡንቻውን ብቻ አይቶ አይመለስም፤ ተዋጊ እንዳይሆን ጠባዩን ይጠይቃል። ዓሣ አርቢዎች ግን ስለ ጠባይ ሳይጠይቁ ጠባይ ለወጡ። ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ ይኸው ነው።

የኖርዌይ ሰዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) ከ40 ከሚያህሉ ወንዞች የሳልሞን ዘር ሰብስበው፣ ቶሎ የሚያድገውን እየመረጡ በባሕር ላይ በተንሳፈፈ የመረብ ጋጣ ማርባት ጀመሩ። የመረጡት ዕድገትን ነበር። ነገር ግን መኖ ሲበተን ፈጥኖ ወደ ላይ የሚወጣው ማን ነው? ደፋሩ ነው። ፈሪው ከታች አድፍጦ ይርበዋል፤ ስለዚህ ለዘር አይመረጥም። በጋጣው ውስጥ አዳኝ እምብዛም ስለማይደርስ ድፍረት ቅጣት የለውም። ከጥቂት ትውልድ በኋላ የርባታው ጫጩት፣ ጠላት ካስደነገጠው በኋላ እንኳ፣ ከዱሩ ጫጩት ቀድሞ ከመሸሸጊያው ብቅ የሚል ሆነ።

ማዕበል መረቡን ሲቀድደው ይህ ዓሣ አምልጦ ወንዝ ይገባል። አንዳንድ ሰዎች፣ «ምን ቸገረን? የማይችለው በተፈጥሮ ሕግ ይጠፋል» ይላሉ። ይህ አነጋገር የሚያሳስተው ግማሹ እውነት ስለ ሆነ ነው። በኖርዌይ በኢምሳ ወንዝ ተደርጎ በ2000 በታተመው ሙከራ፣ የርባታው ሳልሞን ዘር የመተካት ችሎታ ከወንዙ ተወላጅ 16 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሆኖም ጫጩቶቹ ከመጥፋታቸው በፊት ምግብና ቦታ ተሻምተው የተወላጆቹን ምርት ከ30 በመቶ በላይ ቀነሱት። የተረፉትም ይዳቀላሉ፤ ወንዙ በሺህ ዓመታት ያበጀው ጠባይ ይበረዛል። ኖርዌይ በ2021 የዱሩን ሳልሞን ለመጥፋት አደጋ ከተቃረቡት ዝርያዎች ጋር መዘገበችው፤ የአምላጩ ዓሣ ነገር ከባሕር ቅማል ጋር ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ዕንቁላሉን በኃይለኛ ግፊት መካን ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን የመካኑ ዓሣ አጥንት ለመጣመም ይቀለዋል። በየብስ ላይ በጋን ማርባትም ወጪው ከባድ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ወጪውን ወንዙ ከሚከፍለው ባለ ጋጣው ቢከፍለው ይሻላል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ጊፍት የሚባለው የቆሮሶ ዘር ከ1988 ጀምሮ በፊሊፒንስ ለዕድገቱ የተመረጠው፣ ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል በተወሰደ የዱር ቆሮሶ ጭምር ነው። በጫሞና በሐዋሳ ሐይቆች ደግሞ የራሳችን የዱር ቆሮሶ አለ። እንዲህ ያለ ምርጥ ዘር ወደ ኩሬዎቻችን ቢመጣ፣ የኩሬው ውሃ መውረጃ ወዴት ነው? ይህን ጥያቄ ለሥነ ሕይወት መምህሮቻችን አቅርቤ እቀመጣለሁ።